በጾም ሞራ የበላ ሞተር

መኪናዋ ግቢያችን የገባችው ተገፍታ ነው። ቅዳም ሹር ጠዋት፣ ካህናቱ ቄጠማ ይዘው ከቤት ቤት በሚዞሩበት ሰዓት፣ አራት አምስት ሰዎች ትከሻቸውን ሰጥተው እያለከለኩ በቆርቆሮው በር አስገቧትና ከአሮጌ ጎማዎቹ ክምር አጠገብ አቆሟት። ነጭ ቀለም የተቀባች የሥጋ መኪና ነበረች፤ ጎኗ ላይ ቀይ የበሬ ራስ ተሥሎባታል። ከሰባተኛ እስከ አማኑኤል ያለ ሰው ሁሉ ያውቃታል። በሥራ ቀን ስታልፍ ውሾች ይከተሏት ነበር።

ጋራዡን የያዝነው ከእህቴ ባል ጋር ነው። እሱ ሰው ያውቃል፣ ያግባባል፣ ደንበኛ ያመጣል፤ እኔ ሞተር እፈታለሁ፣ እገጥማለሁ። እንዲህ ተከፋፍለን በጃንሆይ ጊዜ መርካቶ ውስጥ ብዙ ዓመት በሰላም ሠርተናል። በዚያ ቀን ግን ልንዘጋ ነበር። እኔ አክፍዬ ነበር፤ ከስቅለት ዋዜማ ጀምሮ እህል በአፌ አልዞረም፣ ምላሴ ላንቃዬ ላይ ተጣብቋል። ቱታዬን አውልቄ ልሄድ ስሰናዳ የእህቴ ባል ቄጠማውን ግንባሩ ላይ እንዳሰረ እየሮጠ መጣና ይህችን አንዷን ብቻ እይልኝ፣ ለእኔ ስትል አለኝ። ለእህቴም ስል እሺ አልኩት።

የመኪናዋ ባለቤት በሰፈሩ የተከበረ ሥጋ ነጋዴ ነው። ድንኳን የሚያስተክል፣ ለጽዋ ማኅበሩ በሬ የሚጥል፣ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ሰው መንገድ የሚለቅለት ትልቅ ሰውዬ። ያኔ አንቱ እለው ነበር፤ አሁን ስጽፈው ግን አንቱታው ከእጄ አልወጣ አለኝ፣ አንባቢ ይቅር ይበለኝ። ከመኪናዋ ኋላ በታክሲ ደርሶ ወረደ። ነጭ ጋቢ ለብሷል፤ ጫማው ያብረቀርቃል። ከእኩለ ቀን በፊት እንድትነሳለት ፈለገ፤ ማታውን ከቄራ ሥጋ የምታመላልስለት እሷ ብቻ መሆኗን፣ ሕዝቡ ጾም ሲፈታ እጁን እንደሚጠብቅ ነገረን። ሾፌሩን ትቶልን ሄደ። ከኋላዋ ምን እንደያዘች ጠየቅሁ። የእህቴ ባል ቀደም ብሎ ባዶ ናት አለ። ሾፌሩ መሬት መሬት አየ።

የእንግሊዝ ሥሪት ናት፤ አፍንጫ የላትም። ሞተሯ የተቀመጠው በሾፌሩና በረዳቱ ወንበር መሀል፣ በብረት ክዳን ሥር ነው። ክዳኑን ሳላነሳ በፊት መጀመሪያ ድምፁን ልስማው ብዬ ሾፌሩን አስነሳልኝ አልኩት። ብዙ ታግሎ ተነሳ። በቆመበት ሲሠራ ወይ ያብዳል ወይ ሊሞት ይደርሳል፤ ሽቅብ ይጮህና ወዲያው ይወርዳል፣ ጉንፋን እንደያዘው ሰው በካርቡራተሩ በኩል ያስነጥሳል። ከሁሉ በታች ቀጭን ፉጨት ይሰማ ነበር።

ከዚያ የጭሱ ሽታ ደረሰኝ። የተቃጠለ ቤንዚን ሽታ አልነበረም። የጥብስ ሽታ ነው። ጮማ እሳት ላይ ወድቆ ሲንጨረጨር የሚሸተው ያ ሽታ ከመኪናዋ ጭስ ማውጫ እየተግተለተለ ወጥቶ ግቢውን ሞላው። እውነቱን ልናገር፤ መጀመሪያ ምራቄ መጣ። ጾመኛ ሆድ አያፍርም። ቀጥሎ ደግሞ ከሥሩ ሌላ ነገር ሸተተኝ፣ የከረመ፣ ጣፋጭ መሰል፣ ጉሮሮ ላይ የሚለጠፍ። አጥሩን ይዤ ጎንበስ አልኩ፤ የሚወጣ ነገር ስለሌለ መራራ ውሃ ብቻ ተፋሁ። ሁለት ቀን አፌን ዘግቼ የጠበቅሁትን ጾም ይህ ሽታ በአፍንጫዬ ገብቶ ያስገደፈኝ መሰለኝ።

የብረቱን ክዳን ሳነሳ ደግሞ ሌላ ጉድ። ሞተር ዘይት ይጠጣል፣ አቧራ ይለብሳል፣ ያን ለምጃለሁ። ይኸኛው የለበሰው ደም ነው። የሥጋው ክፍልና የሾፌሩ ክፍል መሀል ያለው ግድግዳ ከታች በስብሷል፤ መኪናዋ ቁልቁለት በወረደች ቁጥር ከሥጋው የሚንጠባጠበው ደም ወደፊት እየፈሰሰ ሞተሩ ላይ ይወርዳል። ትኩስ ብረት ላይ ወድቆ ይበስላል፣ ይደርቃል፣ በላዩ ሌላ ይወርዳል። እንደ ቅርፊት ድርብርብ ሆኖ ጠቁሯል። መሀል መሀሉ የከብት ጠጉር ተጋግሮበታል። ዝንቦቹ ክዳኑ ሲነሳ አንዴ ቱር አሉና ተመልሰው ሰፈሩ። ይህች መኪና በየሳምንቱ ለስንቱ ቤት ሥጋ ታደርሳለች ብዬ አሰብኩ። እኔ ራሴ ስንት ጊዜ ገዝቼ በልቻለሁ።

የእህቴ ባል አፍንጫውን በነጠላው ይዞ ካርቡራተሩ ነው፣ ቀይረውና እንገላገል አለኝ። አልመሰለኝም። ሲሊንደሩ ውስጥ እሳት የሚጭሩትን ካንዴላዎች ፈታሁ። የፊተኞቹ ሁለቱ ደህና ቡናማ ናቸው፤ የኋለኞቹ ሁለቱ እንደ ዐመድ ነጥተዋል። ካንዴላ የሚነጣው ሲሊንደሩ ውስጥ ነዳጅ አንሶ አየር ሲበዛ ነው። ካርቡራተሩ ቢሆን ኖሮ አራቱም አንድ መልክ ይኖራቸው ነበር። ሁለቱ ብቻ ከነጡ፣ ካርቡራተሩ በልኩ የቀላቀለው ነዳጅና አየር ወደ እነሱ ሲሄድ መንገድ ላይ ሌላ አየር እየገባበት ነው ማለት ነው። መንገዱ ማኒፎልድ ነው፤ ከካርቡራተሩ ተነስቶ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ተከፋፍሎ ወደየሲሊንደሩ የሚገባ የብረት ቧንቧ።

ካንዴላዎቹን መልሼ ሞተሩን አስነሳሁና በዘይት ማንቆርቆሪያዋ ቀጭን ዘይት ማኒፎልዱ ከሞተሩ ጋር በሚገጥምበት ዳር ዳሩን አንጠባጠብኩ። የፊተኛው ጫፍ ላይ ምንም ለውጥ የለም። ወደ ኋላ ስደርስ ዘይቱ ሽው ብሎ ወደ ውስጥ ተመጠጠ፤ ፉጨቱ ቆመ፣ ሞተሩም ለጥቂት ጊዜ እንደ ደህና ሞተር ረጋ ብሎ ሠራ። ዘይቱ ሲያልቅ እብደቱ ተመለሰ። በሽታው ተገኘ። በሌላ ቀን ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር።

ማኒፎልዱን ስፈታ ሾፌሩ አጠገቤ ቆሞ ቁልፍ ያቀብለኝ ነበር። ከሲታ፣ ዐይኑ የጎደጎደ፣ ብዙ የማይናገር የመንዝ ሰው ነው። ብረቱ ተላቆ ሲወጣ ሁለት ነገር አየሁ። የኋለኛው ቅርንጫፍ ላይ የጣት ርዝመት ያለው ስንጥቅ አለ፤ ሥሩ ያለው ማሸጊያ ጓርኒሲዮንም ተበልቶ አልቋል። ስንጥቁ የመጣው ከውሃ እንደሆነ ገባኝ። ደሙን ለማጠብ ገና በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ እየደፉ ብረቱን አፈንድተውታል። ሁለተኛው ነገር ስንጥቁ የተደፈነበት ነው። ሞራ ነው። በጨርቅ ተጠቅልሎ የተጠቀጠቀ የበሬ ሞራ፣ ግማሹ ቀልጦ በስንጥቁ ገብቶ በቧንቧው ውስጥ እንደ ጥቁር ንፍጥ ተዝለግልጓል። ሞተሩ እየማገ ሲያቃጥል የነበረው እሱን ነው። ጣቴን ስሰድ እስከ አንጓዬ ሰጠመ።

ሾፌሩን ማን እንደደፈነው ጠየቅሁት። እኔ ነኝ አለ፤ ትናንት መንገድ ላይ እምቢ ብላው ቆማ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ እንደዋለች፣ ሌላ የሚደፍንበት ነገር ስላጣ ያገኘውን እንደጠቀጠቀ ነገረኝ።

«ትናንት ስቅለት ነው» አልኩት። «በስቅለት ሞራ ከየት አገኘህ?»

ሾፌሩ ቁልፎቹን በጨርቅ መጥረግ ያዘ።

እኔም ያኔ አልገፋሁትም፤ ሥራዬ ላይ ነበርኩ። ማኒፎልዱን በቤንዚን ዘፈዘፍኩት፣ በሽቦ ብሩሽ ፈተግኩት፣ ውስጡን በቀጭን እንጨትና በጨርቅ ጠረግኩት። ሞራው እየተላጠ ሲወጣ ዐይኔን ወደ ሌላ አዞርኩ። ሁለት ጊዜ ቤንዚኑን ለወጥኩ። ብረቱ ጠርቶ የራሱን መልክ ካሳየ በኋላ እጄን በቤንዚን፣ ቀጥሎ በሳሙና፣ ቀጥሎ በአሸዋ ታጠብኩ። ሽታው ግን አልሄደም። እንዲያውም ፀሐይዋ በበረታች ቁጥር ባሰበት። ሞተሩ ጸድቷል፣ ሞራው ተደፍቷል፣ ታዲያ ይህ ከየት ነው ብዬ በመኪናዋ ዙሪያ ሄድኩ። ከኋላ በሩ ሥር ቀጭን፣ ቡናማ፣ የሚዝለገለግ ነገር ጠብ ጠብ ይላል። መሬቱ ላይ ኩሬ ሠርቷል። ኩሬው ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር አየሁ፤ ዝንብ ነው ብዬ ጎንበስ ስል ትል ነው። በሩ ላይ ትልቅ ቁልፍ ተንጠልጥሏል።

ሾፌሩ ከኋላዬ መጥቶ ነበር። ዞሬ ሳየው ፊቱ ላይ ያለው ፍርሃት ሳይሆን ድካም ነው። ቀስ ብሎ ነገረኝ። በሬዎቹ ሐሙስ ማታ ከከተማ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ገበሬ ግቢ ታርደው የተጫኑ ናቸው። ቄራ አልገቡም፣ ሐኪም አላያቸውም፣ ማኅተም የለባቸውም። ጌታው ማታ ከቄራ ከሚመጣው ትኩስ ሥጋ ጋር ደባልቆ ሊሸጣቸው ነው ያሰበው።

«የታመሙ ነበሩ?» አልኩት።

«ሲታረዱ የቆመ በሬ አላየሁም» አለኝ።

ብዙ ነገር አይቻለሁ። መርካቶ ውስጥ ቅቤ ከሙዝ ጋር ሲደባለቅ፣ በርበሬ ከሸክላ ጋር ሲፈጭ ሰምቻለሁ፤ እንዲህ ሲወራ ሰው ይስቅበታል። ይህ ግን ሳቅ አልነበረውም። ያን የተዝለገለገ ኩሬ እያየሁ የሰፈሬ ሰዎች ትዝ አሉኝ፤ በግ መግዛት የማይችሉት፣ ዶሮውን የማይደፍሩት፣ ዓመት ጠብቀው ግማሽ ኪሎ ሥጋ ለልጆቻቸው የሚይዙት። ይህ ሥጋ ወደ ሀብታም ቤት አይሄድም። ሀብታም በሬውን ቆሞ እያየ ያሳርዳል።

የእህቴን ባል ጠርቼ ነገርኩት። ደንግጦ ይጮኻል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልደነገጠም። ያኔ ገባኝ፤ ከጠዋት ጀምሮ ያውቃል። ባዶ ናት ያለኝ እያወቀ ነው። ነጠላውን ከአፍንጫው ሳያነሳ ነገሩን እንደ ቀላል ሊያስረዳኝ ሞከረ። ከሌላው ነጋዴ ሁሉ ጋር ያስተዋወቀን ሰውዬው መሆኑን፣ የግቢው ባለቤትም ወዳጁ መሆኑን፣ በዓል ላይ ጠብ እንደማይገባ ደረደረልኝ። እኔ ግን ማኒፎልዱን እንደያዝኩ ቆሜያለሁ።

«እኛ የሞተር ሰዎች ነን» አለኝ በመጨረሻ። «ከግድግዳው ወዲያ ያለው ምን አገባን? ሞተሩን ግጠምና ሂድ፣ ጹም፣ ጸልይ።»

«ግድግዳውማ በስብሷል» አልኩት።

ብገጥመው መኪናዋ ትሄዳለች። ባልገጥመው እሱ ይገጥመዋል፤ ስንጥቁን በሳሙና ደፍኖ፣ ከካርቶን ጓርኒሲዮን ቆርጦ እስከ ሥጋ ቤቱ ማድረስ አያቅተውም። ስለዚህ ማኒፎልዱን በጆንያ ጠቅልዬ ትከሻዬ ላይ አድርጌ ወጣሁ። ከኋላዬ ጠራኝ፣ በእህቴ ስም ጠራኝ፤ አልዞርኩም።

በዚያ ቀን መርካቶን እንዳቋረጥኩት አድርጌ ከዚያ በኋላ አቋርጬው አላውቅም። ሰው በሰው ላይ ነው። ዶሮ እግሩን ታስሮ ቁልቁል ይንጫጫል፣ በግ በትከሻ ይሄዳል፣ ሽንኩርት የያዙ ሴቶች ይጋፋሉ፣ ቄጠማ ያላሰረ ግንባር የለም። እኔ መሀላቸው ብረት ተሸክሜ፣ ሽታዬ ቀድሞኝ እሄዳለሁ። ሰዎች ዘወር ብለው ያዩኝና ገለል ይሉልኛል። አንዲት እናት ልጇን ከአጠገቤ ሳብ አደረገች። ተናደድኩ፤ ወዲያው ደግሞ ልክ ናት አልኩ። ሸሚዜ ላይ ሞራና ደም ተለጥፎ ነበር።

የሄድኩት አማኑኤል፣ ከቤቴ ሦስተኛ በር ወደሚኖሩት ጎረቤቴ ነው። የማዘጋጃ ቤት የሥጋ ተቆጣጣሪ ነበሩ፤ ጡረታቸው የተቃረበ፣ ዝምተኛ፣ ዐይናቸው የደከመ ሽማግሌ። እሳቸውም አክፍለው ጋቢያቸውን ተከናንበው መደብ ላይ ጋደም ብለዋል። ባለቤታቸው በሩ ላይ ስታየኝ አፏን ያዘች። ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ በዚህ ቀን ላስቸግርዎ አልፈለግኩም ብዬ የሆነውን አንድ በአንድ ነገርኳቸው። የማን መኪና እንደሆነ ስነግራቸው ዐይናቸውን ጨፈኑ። ሰውዬውን ይፈሩታል ወይም ያከብሩታል ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ።

«ጆንያው ውስጥ ያለው ምንድን ነው?» አሉኝ።

«የሞተሯ ዕቃ ነው። እንዳትሄድ ብዬ ነው የያዝኩት።»

«እንግዲያስ እሱን አትልቀቅ» አሉና ተነሱ። ካፖርታቸውን ከጋቢው በላይ ደረቡ፤ ቢላቸውን ከትራሳቸው ሥር አወጡ፣ የላምባ ጠርሙስም ከማድ ቤት አስመጡ። ተያይዘን ወደ ጋራዡ ወጣን።

ስንደርስ የኋላው በር ተከፍቷል። ነጋዴው መጥቷል። ሞተሩ እንደማይነሳ ሲያውቅ ከአውቶቡስ ተራ ኩሊዎች አስመጥቶ ሥጋውን በትከሻ ሊያወጣው ነው። ከመኪናዋ ውስጥ የወጣው ሽታ እንደ እጅ ገፋን። ሥጋው በመንጠቆ ተሰቅሏል፣ ከሥር ያለውም ተቆልሏል። ቀይ አልነበረም። አረንጓዴና ወይን ጠጅ የተቀላቀለ፣ አንዳንድ ቦታ የሚያብረቀርቅ፣ ላዩ እንደ ላብ የረጠበ። ኩሊዎቹ አዩት። የአውቶቡስ ተራ ኩሊ የማይሸከመው ነገር የለም፤ ቁምሳጥን ይሸከማል፣ በሽተኛ ይሸከማል። ከእነሱ ዋና የሆነው ጡንቸኛ ጉራጌ አንዱን ታፋ ትከሻው ላይ አድርጎ ሁለት እርምጃ ከተራመደ በኋላ ቆመ። አንገቱ ላይ የሚሄድ ነገር ተሰማው። ታፋውን መሬት ላይ አስቀመጠ፤ አልወረወረውም፣ ቀስ ብሎ ነው ያስቀመጠው። ሸሚዙን አውልቆ ጣለ። ከዚያ ለነጋዴው በትሕትና፣ አባቴ ይኸን አልሸከምም ብሎ ወጣ። ሌሎቹም ተከተሉት።

ተቆጣጣሪው ወደ ታፋው ሄደው በቢላቸው ሰነጠቁት። መቅረብም አላስፈለጋቸውም ነበር። ማኅተም ያለበትን ፈለጉ፣ አላገኙም። ነጋዴው እጁን ኋላው አጣምሮ ያያቸዋል። ይጮኻል፣ ይማጸናል፣ ይክዳል ብዬ ነበር፤ አንዱንም አላደረገም። ፊቱ ረጋ ያለ፣ እንዲያውም ትንሽ ያዘነ ይመስላል። ለእሳቸው የተናገረውን ዛሬም ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ።

«ለድሃው ብዬ ነው ጋሼ። ለበዓሉ በርካሽ እንዲደርሰው ብዬ። በበርበሬ ሲቀቀል ምን ይሆናል? የድሃ ሆድ ድንጋይ ይፈጫል።»

ይህን ያለው በዚያ በነጭ ጋቢ፣ በዚያ በሚያብረቀርቅ ጫማ፣ ግንባሩ ላይ ቄጠማ አስሮ ነው። ከሥጋው ይልቅ ያስጠላኝ እሱ ነበር። ሥጋ ይበሰብሳል፤ ተፈጥሮው ነው። ይኸ ሰውዬ ግን የበሰበሰውን ነገር እንደ ምጽዋት አድርጎ ይቆጥረዋል፤ ቢችል ኖሮ ምርቃትም ይቀበልበት ነበር።

ተቆጣጣሪው ጠርሙሱን ከፍተው ማንም እንዳይበላው በተሰቀለውም በተቆለለውም ላይ ላምባውን አርከፈከፉ። አንድ ጠርሙስ አልበቃም፤ እኔ ከጋራዡ ጄሪካን ሙሉ አምጥቼ አቀበልኳቸው፣ ሾፌሩም ሳይጠራ መጥቶ አገዛቸው። የእህቴ ባል ከጎማዎቹ ክምር አጠገብ ቆሞ አንዴ እኔን፣ አንዴ ነጋዴውን ያያል። ነጋዴው ሲወጣ ተከትሎት በሩ ድረስ ሄዶ እየተቅለሰለሰ ይቅርታ ሲጠይቅልኝ ሰማሁ። ሽማግሌው የማዘጋጃ ቤቱ የቆሻሻ መኪና መጥቶ የመጨረሻውን ቁራጭ እስኪያነሳ ድረስ፣ በዚያ ጾም በደከመ ጉልበታቸው፣ ጎማ ላይ ተቀምጠው ጠበቁ።

በማግስቱ ፋሲካ ነው። ጠዋት እህቴ ቤት ሄድኩ፤ በየዓመቱ ጾም የምፈታው እዚያ ነው፣ ብቀር ምን ሆነ ትላለች። ታጥቤያለሁ፣ ልብስ ለውጫለሁ፤ ጥፍሬ ሥር ግን ሽታው አለ። እህቴ ምንም አታውቅም። ባሏ ነጭ ልብስ ለብሶ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ እንኳን አደረሰህ ብሎ ሳመኝ። ሞሰቡ ቀረበ። እሱ በደንብ ይበላ ነበር። እጁን አየው ነበር፤ ሲቆርስ፣ ሲጠቀልል፣ ጣቱን ሲልስ። ከዚያ ትልቅ ጉርሻ ጠቀለለና ወደ አፌ ዘረጋ። እህቴ ፈገግ ብላ ታየናለች። ጉርሻ አይመለስም። አፌን ከፈትኩ።

ዶሮው ትኩስ ነበር፣ እህቴ በገዛ እጇ ያዘጋጀችው፣ ምንም አልነበረበትም። እኔ ግን ያ የጣት ርዝመት ያለው ስንጥቅ አፌ ውስጥ የገባ መሰለኝ፤ ሞራው፣ ዝልግልጉ፣ ሁሉ። ማላመጥ አቃተኝ። ሳል የያዘኝ መስዬ ተነስቼ ወጣሁና ከጓሮ፣ ከሰው ዐይን ርቄ ተፋሁት። ስመለስ እህቴ ጾሙ ጎድቶሃል አለችኝ። አዎ አልኳት። ባሏ ገብቶታል፤ ሁለተኛ አላጎረሰኝም።

ከበዓሉ በኋላ መኪናዋ ግቢያችን ቆማ ቀረች። የነጋዴው ሥጋ ቤት ታሽጎ ነበርና ማንም አልጠየቃትም። የእህቴ ባል ተጎትታ ትውጣ አለ። ሾፌሩ ግን በየጠዋቱ ይመጣና ከበሩ አጠገብ ይቆማል። መኪናዋ ካልሠራች እሱም ሥራ የለውም። ክፉው ሰውዬ እንጂ ሞተሩ ምን አጠፋ አልኩና ልሠራው ተነሳሁ። መጀመሪያ ከሾፌሩ ጋር ሆነን በፈላ ውሃና በሳሙና ከላይ እስከ ታች አጠብናት፤ የደሙን ድርብርብ በብረት መላጫ ፋቅነው። የበሰበሰውን ግድግዳ ቆርጠን በአዲስ ቆርቆሮ ዘጋነው። ማኒፎልዱን ከሰል እሳት ላይ አግለን አንድ የሰፈር በያጅ ስንጥቁን በነሐስ ሞላልን፤ ብየዳው እንዳይሰነጠቅ ዐመድ ውስጥ ቀብረን ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝ አሳደርነው። በበነጋው ፊቱን ጥላሸት በቀባሁት መስታወት ላይ እያስቀመጥኩ፣ የጠቆረውን ጉብታ በሞረድ እያወረድኩ አስተካከልኩት። ጓርኒሲዮኑን ከጥሩ ወረቀት ቆረጥኩ። ገጥሜ ዘይት ዳር ዳሩን ሳንጠባጥብ አንዲት ጠብታ እንኳ አልተመጠጠችም። ፉጨት የለም፣ ማስነጠስ የለም። ሞተሩ እንደ ስፌት መኪና ሠራ፤ ከጭስ ማውጫው የወጣውም ንጹሕ የቤንዚን ጭስ ነበር።

ሾፌሩ ሰማ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ አመሰገነኝ። ነድቶ ለጌታው መለሰለትና ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦለት ወጣ። ያን ያህል ቀን እየመጣ በሩ ላይ የቆመው ሥራውን ሊያስቀጥል መስሎኝ ነበር፤ ለካ መኪናይቱ ሳትሠራ ትቶ መሄዱን ነውር አድርጎት ነው። በኋላ ከአውቶቡስ ተራ ወደ ደብረ ብርሃን የሚሄድ አውቶቡስ ይዞ አየሁት። ትንሽ ወፍሯል።

ሥጋ ቤቱ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ተከፈተ። በመክፈቻው ዕለት ሰልፍ ነበር። ነጋዴው መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ባርኔጣውን አንስቶ፣ ከሌላው ሰው ይልቅ ጎንበስ ብሎ ሰላም ይለኝ ነበር፤ ያ ሰላምታው እስከ ዕድሜው መጨረሻ አልተቋረጠም። አጸፋውን መመለስ ግድ ነበር፣ ሰው ያያል። እመልስለትና ቤቴ ስደርስ እጄን እታጠብ ነበር።

ከእህቴ ባል ጋር ክረምቱ ሳይገባ ተለያየን። አልተጣላንም፤ ዕቃውን ተካፈልን፣ እሱ ግቢውን ያዘ፣ እኔ ወደ አማኑኤል ጠጋ ብዬ ትንሽ ቦታ ተከራየሁ። እህቴ ለምን እንደሆነ ደጋግማ ጠየቀችኝ። ሥራ ነው፣ ሐሳባችን አልገጠመም አልኳት። እውነቱን ብነግራት ከዚያ በኋላ በምን አንጀቷ ገበታ ታቀርብለታለች? ከእሱ ጋር በየቀኑ ከአንድ ትሪ የምትበላው እኔ አይደለሁም፣ እሷ ናት።